ከባለሙያነት ወደ አስተዳዳሪነት፦ የማዕድን መሐንዲሱ የሄንሪ ፋዮል መንገድ

በማናቸውም የሙያ መስክ አንድ ሰው በሥራው ብልጫ ሲያሳይ የሚከፈለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ሹመት ነው። ጎበዝ መሐንዲስ የመሐንዲሶች አለቃ፣ ጎበዝ ሐኪም የሆስፒታል ኃላፊ፣ ጎበዝ መምህር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ይሆናል። ሹመቱ ለተሿሚው ክብር፣ ለቤተሰቡ ደስታ፣ ለባልደረቦቹም መኩሪያ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ሰውየው በዚያች ዕለት ያደገ ብቻ ሳይሆን ሙያውንም የለወጠ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እስከ ትናንት ድረስ ከብረት፣ ከድንጋይና ከስሌት ጋር ሲታገል የኖረ ባለሙያ ከዛሬ ጀምሮ ጉዳዩ ሁሉ ከሰው ጋር ይሆናል። ብረት አያኮርፍም፤ ድንጋይም ቂም አይዝም፤ ስሌትም በትክክል ከተሠራ መልሱ ያው አንድ ነው። የሰው ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህም አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ የሹመት ደብዳቤ ሁለት ነገር የሚያጣበት ጊዜ አለ፤ አንደኛ የተዋጣለትን ባለሙያ ያጣል፤ ሁለተኛ የጠበቀውን አስተዳዳሪ ሳያገኝ ይቀራል።

ይህ የሙያ ለውጥ ራሱን የቻለ ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑን፣ ዕውቀቱም እንደማናቸውም ትምህርት ሊጻፍና ሊሰጥ የሚችል መሆኑን ቀድመው ካስረዱት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል ነው። የአስተዳደር ትምህርት የቀመሰ ሁሉ የፋዮልን ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበር፣ መቆጣጠር የሚሉትን አምስት ቃላት በቃሉ ያጠና ተማሪም ብዙ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቃላት የበቀሉት ከመጻሕፍት መደርደሪያ ሳይሆን ከከሰል ጉድጓድ መሆኑ እምብዛም አይነገርም። ስለሆነም የሰውየውን ሕይወትና ሐሳቡን አያይዞ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የከሰል ጉድጓዱ መሐንዲስ

ፋዮል የተወለደው በ1841 በቁስጥንጥንያ ከተማ ነው። አባቱ በዚያ በግንባታ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ይኖር ነበር። ልጁ በፈረንሳይ አገር በሴንት ኤቲየን የማዕድን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1860 ገና በ19 ዓመቱ በመሐንዲስነት ተመረቀ። ወዲያውም በመካከለኛው ፈረንሳይ በምትገኘው በኮማንትሪ ከተማ በከሰል ማዕድን ሥራ ተቀጠረ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 1918 ድረስ፣ ማለትም ለ58 ዓመታት ያህል፣ ከዚያው ኩባንያ አልወጣም።

የኮማንትሪ ማዕድን ዋነኛ ጠላት እሳት ነበር። ከሰሉ ተቆፍሮ ባለቀበት ዋሻ ውስጥ የሚቀረው ስብርባሪ ከአየር ጋር ሲገናኝ ማንም ሳይለኩሰው ቀስ በቀስ እየሞቀ ሄዶ ይቀጣጠላል። እሳቱ አንድ ጊዜ ከተነሣ ጢሱና መርዘኛው ጋዝ የሠራተኛውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል፤ ጉድጓዱም እስከ መዘጋት ይደርሳል። ወጣቱ መሐንዲስ በመጀመሪያ ስሙ የተነሣው ይህን እሳት በመዋጋት ነው። እሳቱን ከማጥፋትም አልፎ ምክንያቱን መረመረ፤ ከሰል ከአየር ውስጥ ኦክስጂን እየሳበ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚያሞቅ በተከታታይ ሙከራ አጥንቶ ውጤቱን በ1870ዎቹ መጨረሻ አሳተመ። በ1885 ደግሞ ከሥር ሲቆፈር ከላይ ያለው መሬት እንዴት እንደሚሰጥም ጻፈ። ከዚህም ጋር የኮማንትሪ ከሰል በጥንት ዘመን ወንዝ ወደ ሐይቅ ይዞት በገባው ደለል የተከማቸ መሆኑን የሚያስረዳ ሰፊ የሥነ ምድር ጥናት አቀረበ። እንግዲህ ፋዮል በሙያው ተራ ሰው አልነበረም። ወደ አስተዳደር የተሻገረው የሙያው መንገድ ስለጠበበበት ሳይሆን በሙያው ከፍ ካለ ደረጃ ላይ ሳለ ነው።

በ1866 የኮማንትሪ ማዕድን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሾም ዕድሜው 25 ዓመት ብቻ ነበር። ከላይ የተጠቀሱትን ጥናቶች ያሳተመው ከዚህ ሹመት በኋላ መሆኑ ሊታወስ ይገባል። አንድ ማዕድን ብቻ የሚመራ ሰው ጠዋት ጉድጓድ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ከጠረጴዛ ፊት ሊቀመጥ ይችላል፤ ሁለቱ ሙያዎች ገና አልተላቀቁም።

የአስተዳደር ነገር ሐሳቡን መሳብ የጀመረው ግን ከሹመቱ በፊት ነው። ተራ መሐንዲስ ሳለ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያሰፈረው አንድ ትንሽ ጉዳይ ይህን ያመለክታል። ከጉድጓዱ በአንደኛው ደርብ ከሰል የሚጎትት ፈረስ እግሩ ተሰበረ። ፋዮል ምትክ ፈረስ እንዲሰጠው ለጋጣው ኃላፊ የትእዛዝ ወረቀት ጻፈ። የጋጣው ኃላፊ ግን ወረቀቱ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ስለሌለበት ፈረሱን አልሰጥም አለ። ሥራ አስኪያጁ በዚያን ቀን አልነበረም፤ በእርሱ ፈንታ የሚፈርም ሰውም አልተወከለም። ስለዚህ ፈረስ በጋጣ ቆሞ ሳለ የዚያ ደርብ ሥራ ተቋረጠ። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ የምሕንድስና ስሕተት ይገኛል ብሎ የሚፈልግ ሰው አንድም አያገኝም። ድንጋዩም ከሰሉም በቦታቸው ናቸው፤ የጎደለው የሥልጣን ውክልና ብቻ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ሥልጣን ምንጊዜም ያለ ተወካይ መቅረት የለበትም የሚለውን ትምህርት የቀሰመው ከዚህ ነበር።

ሊወድቅ የደረሰ ኩባንያ

በ1888 ፋዮል የመላው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ኩባንያው ኮማንትሪ ፉርሻምቦ የሚባል ሲሆን የከሰል ማዕድንና የብረት ማቅለጫዎች ነበሩት። ይሁን እንጂ ይዞታው እጅግ አሳሳቢ ነበር። ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ መክፈል ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ማቅለጫዎቹ ይከስራሉ፤ የኮማንትሪ ከሰልም ወደማለቅ ተቃርቧል።

በዚያን ዘመን በፈረንሳይ የከሰል አገሮች የአስተዳደር ጉድለት ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በደቡብ በምትገኘው በዴካዝቪል ከተማ በሌላ ኩባንያ ሥር በነበረው ማዕድን ዋትራን የተባለ መሐንዲስ በምክትል ሥራ አስኪያጅነት ተሾሞ ነበር። የሠራተኛውን ክፍያ በመቀነስ ክፉኛ የተጠላው ይህ ሰው ጃንዋሪ 26 ቀን 1886 በተቈጡ ሠራተኞች ከመስኮት ተወርውሮ ተገደለ። ከዚያም ለወራት የቆየና መላውን ፈረንሳይ ያነጋገረ የሥራ ማቆም አድማ ተከተለ። መሐንዲሱ የሞተው ጉድጓድ ተንዶበት ወይም ጋዝ ፈንድቶበት አይደለም፤ ምሕንድስና ባላስተማረው ጉዳይ ነው። ስለ ወጪ የሚደረግ ስሌት በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ በሰው ፊት ሲቀርብ ወደ ደም መፋሰስ ሊያደርስ እንደሚችል የዴካዝቪል ታሪክ ምስክር ነው።

ይህንኑ የዴካዝቪል ማዕድን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ የፋዮል ኩባንያ በእጁ አስገባ፤ ስሙንም በኩባንያው ስም ላይ ጨመረ። ፋዮል ማዕድኑን መልሶ ለማቋቋም ሲነሣ የተመካው በቴክኒክ ብልጫው ሳይሆን በማደራጀት ችሎታውና በሰው አያያዙ ላይ መሆኑን ከጊዜ በኋላ በማስታወሻው ጽፏል። በእሳትና በመሬት መስጠም ላይ አዋቂ የተባለው ሰው ይህን መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ኃምሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ጊዜ ብዙ ማዕድንና ማቅለጫ በአንድነት ሲመራ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ከጉድጓዱ መሐንዲስ አብልጦ ማወቅ እንደማይችል ተረድቶ ነበር። ሥራው ያን የሚያውቀውን ሰው መምረጥ፣ ማመንና መጠየቅ ሆነ።

የኩባንያው ይዞታ በእርግጥም ተሻሻለ። ፋዮል በኋላ ሲያስረዳ ያው ማዕድን፣ ያው ማቅለጫ፣ ያው ገንዘብ፣ ያው የዳይሬክተሮች ቦርድና ያው ሠራተኛ እያለ የአስተዳደሩ ሁኔታ ብቻ በመለወጡ ኩባንያው ከውድቀት ተነሣ ብሏል። ይህ አነጋገር ጥቂት መታረም አለበት። ያላዋጡ አሮጌ ማቅለጫዎች ተዘግተዋል፤ አዳዲስ የከሰል ይዞታዎችም ተገዝተዋል። የኮማንትሪ ከሰል ማለቂያው እንደተቃረበ አስቀድሞ ለመረዳት የረዳውም የሥነ ምድር ዕውቀቱ ነው። ስለዚህ የሙያው ዕውቀት አልተጣለም፤ አገልግሎቱ ብቻ ተለወጠ። ቀድሞ እሳት ያጠፋበት የነበረው ዕውቀት አሁን ለመወሰኛ ሆነ።

ለዚህም ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የኤንፊ የብረት ሥራ ነው። ፋዮል ይህን ፋብሪካ ከመዝጋት ይልቅ ወደ ልዩ ልዩ የአረብ ብረት ምርመራ እንዲያዘነብል ደገፈው። የስዊስ ተወላጁ የፊዚክስ ሊቅ ሻርል ኤድዋር ጊዮም በ1896 በሙቀትና በብርድ ርዝመቱ ከሞላ ጎደል የማይለወጠውን፣ ኢንቫር የተባለውን የብረትና የኒኬል ቅይጥ ያገኘው የዚህን ፋብሪካ ቅይጦች በመመርመር ነው። ጊዮም በ1920 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቅይጡን የፈለሰፈው ፋዮል አይደለም፤ ነገር ግን ምርመራው ገንዘብና ጊዜ እንዲያገኝ ፈቅዷል። ከባለሙያነት ወደ አስተዳዳሪነት የተሻገረ ሰው ውጤቱን የሚያየው እንዲህ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ይህንንም ለመቀበል የሚቸገር ብዙ ነው።

ሌላው መንገድ

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሌላ መሐንዲስ ያንኑ ድንበር ተሻግሯል። ፍሬደሪክ ቴይለር በ1878 በፊላደልፊያ በሚድቬል የአረብ ብረት ፋብሪካ በጉልበት ሠራተኛነት ገብቶ በቶርኖ ላይ ሠራ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የባልደረቦቹ ካቦ ሆነ። መኪናው ምን ያህል ሊያመርት እንደሚችል ራሱ ሠርቶበት ያውቃልና ሠራተኞቹ ሆን ብለው ምርቱን እንደሚቀንሱ ተረዳ። ምርት እንዲጨምሩ ሲያስገድዳቸው ትግል ተነሣ፤ ትግሉም ለሁለት ሦስት ዓመት ቆየ። ቴይለር በመጨረሻው አሸነፈ፤ ነገር ግን በ1912 ለአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ቃሉን ሲሰጥ ሠራተኛውን ሁሉ በጠላትነት እየተመለከቱ መኖር አስከፊ ሕይወት መሆኑን ተናግሯል።

ከዚህ መራራ ልምድ ቴይለር ያወጣው መፍትሔ የመሐንዲስ መፍትሔ ነበር፤ ይኸውም መለካት። የሥራውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት መዝኖ ትክክለኛው መጠን ከታወቀ አለቃና ሠራተኛ የሚጣሉበት ነገር አይኖርም ብሎ አመነ። በብረት አቆራረጥ ላይ ለ26 ዓመታት ያካሄደው ሙከራ ለፋብሪካ ሥራ የሰጠው ጥቅም እጅግ ከፍተኛ ነው። የሰው ልብ ግን እንደ ብረት አልተለካም። በ1911 በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሰዓት መለኪያው በመጣ ጊዜ ብረት አፍሳሾቹ ሥራ አቁመው ወጡ።

ፋዮል ቴይለርን ያከብረው ነበር፤ በአንድ ነገር ግን አልተስማማም። ቴይለር ለአንድ ሠራተኛ በየሥራው ዓይነት የተከፋፈሉ እስከ ስምንት የሚደርሱ አለቆች እንዲኖሩት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፋዮል ግን ይህ የትእዛዝን አንድነት ያፈርሳል ሲል ተቃወመ። ለሁለት ጌታ መገዛት የማይቻል መሆኑ በጥንቱ አነጋገር እንኳ የታወቀ ነው። የሁለቱ ልዩነት ከዚህ የጠለቀ ነው። ቴይለር ወደ አስተዳደር የገባው የቀድሞ ሙያውን መሣሪያ እንደያዘ ነው፤ ፋዮል ደግሞ አዲሱ ሥራ አዲስ መሣሪያ እንደሚሻ ተገነዘበ።

የ1916ቱ ጽሑፍ

ፋዮል ሐሳቡን ጠቅልሎ ያወጣው በ1916 ሲሆን ዕድሜው 75 ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ጽሑፉ በመጀመሪያ የወጣው በማዕድን ኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ይህም ለሙያ ማኅበራት የሚያኮራ ነገር ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተማረው የአስተዳደር ንድፈ ሐሳብ በመጀመሪያ ለባልደረቦች የቀረበ ጽሑፍ ነበርና።

በዚህ ጽሑፍ ፋዮል የድርጅትን ሥራ በስድስት ከፈለው፤ እነርሱም የቴክኒክ፣ የንግድ፣ የገንዘብ፣ የጥበቃ፣ የሂሳብና የአስተዳደር ሥራዎች ናቸው። ቀጥሎም በትልቅ የኢንዱስትሪ ድርጅት ውስጥ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚፈለገው ችሎታ ከመቶ ስንት እንደሆነ በሰንጠረዥ አሳየ። ለሠራተኛው የቴክኒክ ችሎታ 85 ሲሆን የአስተዳደር ችሎታ 5 ብቻ ነው። ለፎርማኑ 60 እና 15 ይሆናል። በክፍል ኃላፊው ዘንድ ሁለቱ እኩል 30 እና 30 ይሆናሉ። የድርጅቱ ዳይሬክተር ዘንድ ሲደርስ ቴክኒኩ ወደ 15 ወርዶ አስተዳደሩ ወደ 40 ይወጣል። ፋዮል እነዚህ ቁጥሮች የግል ግምቱ መሆናቸውን አልደበቀም። ዋናው ፍሬ ነገር ግን ከቁጥሮቹ በላይ ነው፤ ሰው ወደ ላይ በወጣ መጠን ያወጣው ችሎታ ዋጋው እየቀነሰ፣ ያልተማረው ችሎታ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ችሎታ ከወዴት ይገኛል? ፋዮል በዘመኑ የነበሩትን የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች የነቀፈው በዚህ ጥያቄ ነው። ወጣቱ ዓመታት ሙሉ ከፍተኛ ሂሳብ ይማራል፤ በሥራ ዓለም ግን ብዙ መሐንዲስ ከተራ ሂሳብ ያለፈ ሳያስፈልገው ዕድሜውን ይፈጽማል። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚያስፈልገውን ሰው የመምራት ዕውቀት ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይማርም። ትምህርቱ የማይሰጠው ንድፈ ሐሳብ ስለሌለው ነው፤ ንድፈ ሐሳብ የሌለውም ማንም ስላልጻፈው ነው ሲል ራሱ ለመጻፍ ተነሣ።

ለወጣት መሐንዲሶች የሰጠው ምክር ዛሬም ያልደበዘዘ ነው። ፎርማኑ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው መሆኑን አትርሱ፤ ሠራተኛውን በትሕትናና በደግነት ቅረቡት፤ ጠባዩን፣ ችሎታውን፣ ጉዳዩንም ጭምር ለማወቅ ጣሩ፤ አስተዋይ ሰው በማናቸውም የኑሮ ደረጃ እንደሚገኝ አስቡ ይላል። ለአለቆች ደግሞ ሠራተኞቻቸውን ጠንቅቀው እንዲያውቁ፣ በየጊዜው ከረዳቶቻቸው ጋር ተሰብስበው እንዲመክሩ፣ በንግግር የሚያልቀውን ጉዳይ በደብዳቤ እንዳያራዝሙና በዝርዝር ሥራ እንዳይዋጡ ይመክራል። ከሁሉም ለባለሙያው የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። ረዳቱ የሚሠራውን ሥራ እርሱ በተሻለ ሁኔታ ሊሠራው እንደሚችል ያውቃልና እጁ ይበላዋል። እጁን ካልሰበሰበ ግን ረዳቱ አይማርም፤ የእርሱም ሥራ ሠሪ አጥቶ ይውላል። ፋዮል መርሆዎቹን በኅብረት መንፈስ መደምደሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ያገራችን አባባል ከሐሳቡ ጋር አንድ ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ወሰን

የፋዮል ትምህርት ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ዓለምን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው። እርሱ በኮማንትሪ ማዕድኑን ሲመራ የከተማዋ ነዋሪዎች በ1882 ክሪስቶፍ ቲቭሪዬ የተባለውን የቀድሞ የማዕድን ሠራተኛ ሶሻሊስት ከንቲባ አድርገው መርጠዋል፤ ሠራተኛው ስለ ራሱ ኑሮ የራሱ ሐሳብና ድምፅ ያለው መሆኑን ለማሳየት ይህ በቂ ነው። በፋዮል ጽሑፍ ውስጥ ግን ሠራተኛው በፍትሕና በደግነት የሚያዝ እንጂ የሚመክር ወገን ሆኖ ጎልቶ አይታይም።

በሌላ በኩል ካናዳዊው ተመራማሪ ሄንሪ ሚንትዝበርግ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የአምስት ከፍተኛ ሥራ አስኪያጆችን ውሎ ተከታትሎ፣ ሥራቸው በእርጋታ ከማቀድና ከመቆጣጠር ይልቅ አጫጭርና የተቆራረጡ ጉዳዮችን ማስተናገድ፣ ከሰው ጋር መነጋገርና ድንገተኛ ችግር መፍታት ሆኖ እንዳገኘው አስረድቷል። ከጸጥታና ከረጅም ሐሳብ ጋር የለመደ ባለሙያ ሲሾም በመጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ማታ «ይህን ሠራሁ» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር ያጣል። የፋዮል አምስት ቃላት የአስተዳዳሪውን ግዴታ ያመለክታሉ እንጂ ውሎውን አይገልጡም።

ማጠቃለያ

ፋዮል በ1918 ሥራውን ለቆ በ1925 በፓሪስ እስኪሞት ድረስ የአስተዳደር ትምህርት እንዲስፋፋ ደክሟል። ከሕይወቱ የሚገኘው ትምህርት በሁለት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛው፣ ሰውን ማስተዳደር የሙያ ብልጫ ሽልማት አይደለም፤ እንደ ማናቸውም ሙያ የሚማሩት፣ ቀስ በቀስም የሚለማመዱት ሥራ ነው። ፋዮል ራሱ ከአንድ ማዕድን ወደ መላው ኩባንያ የተሻገረው በ22 ዓመት ውስጥ ነው። ሁለተኛው፣ የሙያ ዕውቀት በሹመት ቀን ተጥሎ የሚቀር ልብስ አይደለም፤ እንደ ኤንፊ ፋብሪካ የሌሎችን ሥራ ለመረዳትና ለመደገፍ ያገለግላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ግዴታ በመሥሪያ ቤቶችም ላይ አለ። ሰውን ማስተዳደር የማይወድና የማይሆንለት ባለሙያ በሙያው ላይ እንዳለ የሚከበርበትና የሚያድግበት ደረጃ ከሌለ፣ ለእንጀራው ሲል የማይወደውን ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ በሥሩ ያሉትም ከእርሱ ጋር ይጎዳሉ። ለአስተዳደር የሚመረጠው ደግሞ ከሹመቱ ደብዳቤ አስቀድሞ ትምህርቱና መካሪው ሊቀርቡለት ይገባል። የተሰበረው ፈረስ ታሪክ እንዳሳየው፣ ብዙ ሥራ የሚቆመው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን ለዕውቀት መንገድ የሚከፍትለት ሰው ጠፍቶ ነው።